በማርያም ማግሥት ወደ አፕል ማሳው ስለገቡት ሴቶች

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዞኑ የሠራተኞች ጉዳይ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

አመልካች፦ ወንጌላዊት ምናለ፣ ስለ ራሴና ስለ እህቴ ሙላቷ ምናለ
አድራሻ፦ ዝግባ ውኃ ቀበሌ

ጉዳዩ፦ በሰማ ዳገት የፍራፍሬ እርሻ በጸረ ተባይ ኬሚካል የተመረዘችውን እህቴን በተመለከተ ወረዳው «ጉዳቱ ከሥራ ጋር አይያያዝም» ሲል የሰጠው ውሳኔ እንዲሻርና ከኅዳር 22 በፊት አስቸኳይ እግድ እንዲሰጥልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በዚህ ጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ለወረዳው ያስገባሁት እንደ ደንቡ በለሰለሰ ቃል ነበር። መልሱ አንድ ገጽ ሆኖ መጣ፤ በዚያ ገጽ ላይ የእህቴ ስም የተጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህኛው ላይ ቃሌ ጠንከር ቢል ንቀት አድርገው እንዳያዩብኝ እለምናለሁ። አክብሮት ባይኖረኝ ኖሮ ሁለተኛ ወረቀት አላባክንም ነበር።

1. እኔ በዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት ሳይንስ ተምሬ በ2015 ዓ.ም. ተመርቄያለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ እስከተባረርሁበት ቀን ድረስ በሰማ ዳገት እርሻ የርጭት መዝገብ ያዥ ነበርሁ። እህቴ ሙላቷ ደግሞ የአፕል ችግኙ ከተተከለበት ጊዜ አንሥቶ ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያው እርሻ የቀን ሠራተኛ ሆና ሠርታለች። እናታችን ስትሞት እሷ የዐሥራ ሰባት፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጆች ነበርን። እሷ ስምንተኛ ክፍል ላይ የራሷን ደብተር ዘግታ የእኔን ከፈተች። ፊደል ያስጻፈችኝ እሷ ናት፤ እጄን በእጇ ይዛ፣ በደጃፋችን መዝጊያ ላይ፣ በከሰል። ይህን የማነሣው ለማሳዘን አይደለም። በወረዳው ውሳኔ ላይ «አመልካቿ ከተጎጂዋ ጋር ያላት ግንኙነት በግልጽ አልታወቀም» የሚል ዓረፍተ ነገር ስላለ ግልጽ ላደርገው ብዬ ነው።

2. የሥራው ዓይነት ካልታወቀ ጉዳቱ አይገባምና ላስረዳ። አፕል በባሕርዩ ቅጠሉን አራግፎ ካላረፈ በደንብ አያብብም። ብርዱ በሚበረታበት አገር ቅዝቃዜው ያራግፍለታል፤ የእኛ ደጋ ብርድ ግን ለዚያ አይበቃም። ስለዚህ ቅጠሉን ሰው አንድ በአንድ በእጁ ያረግፋል። በሰማ ዳገት ይህን የሚሠሩት አርባ አንድ ሴቶች ናቸው። እምቡጡ እንዳይሰበር እየተባለ በባዶ እጅ እንዲሠሩ ታዘዋል። ያረገፉትን ቅጠል በሽርጣቸው ይሰበስባሉ፤ ወደ ቤት ሲመለሱም ለበጎቻቸው ተሸክመውት ይሄዳሉ። ቅጠሉ ላይ ያለው ነገር ሁሉ በመጀመሪያ የሚያርፈው በመዳፋቸው፣ ቀጥሎ በሆዳቸው ላይ ባለው ጨርቅ፣ በመጨረሻም በቤታቸው ነው።

3. አሁን ወደ ራሴ ጥፋት እመጣለሁ። ሌላ ሰው ከሚነግርዎ እኔ ብነግርዎ ይሻላል።

እኔ ስቀጠር ርጭት የሚካሄደው ሴቶቹ በዛፉ መደዳ መካከል እየሠሩ ነበር። የእርሻው ረጪ አካለ ወልድ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ሲመጣ ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው ጎንበስ ይሉለታል፤ እሱ ያልፋል፤ እነሱ ቀና ይላሉ። ይህን ሳይ መፍትሔ ፈለግሁ፤ ያገኘሁም መሰለኝ። በእኛ አገር በወር በዓል መሬት አይነካም። በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ23 ለጊዮርጊስ ማሳው ባዶውን ይውላል። እንግዲያው ርጭቱ በበዓል ቀን ይሁን ብዬ ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጸጋው ወዲያው ተቀበሉኝ፤ የሥራ ቀን አይባክንባቸውምና። ያመነታው አካለ ወልድ ብቻ ነበር። እሱም ኋላ ለጎረቤቶቹ «አፈር አልቆፈርሁ፣ በሬ አልጠመድሁ፤ ውኃ ነው የረጨሁ። ማርያም ብትጠይቀኝ መልስ አለኝ» ሲል ሰማሁት። በዓል በሞፈርና በዶማ እንደሚሻር ሁሉም ያውቃል፤ በመርጫም ይሻራል ያለ ግን እስካሁን አልተገኘምና ነገሩ በዚያው ጸና።

ያላሰብሁበት ማግሥቱን ነው። እስከ ነሐሴ ድረስ የምንረጨው የሻጋታ መከላከያ ስለነበረ በማግሥቱ መግባት ያን ያህል አልጎዳም። በመስከረም ግን ክሽክሽ የሚባለው ተባይ በቅጠሉ ላይ ስለበዛ ኬሚካሉ ተቀየረ። የመጣው ነርቭ የሚነካ ብርቱ መርዝ ነው፤ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው መመሪያም ከተረጨ በኋላ እስከ አራት ቀን ማንም ወደ ማሳው እንዳይገባ ያዝዛል። በዓሉ ግን አንድ ቀን ነው። 21 ይከበራል፣ 22 ይሠራል፤ 23 ይከበራል፣ 24 ይሠራል። ከትንሣኤ ሳምንት በቀር ማሳው አራት ቀን ተከታትሎ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ የለም። እኔም በመዝገቡ ላይ «ሠራተኛ የሚገባበት ቀን» በሚለው ረድፍ 25 ብዬ ጻፍሁ፤ መጻፌ የሚበቃ መስሎኝ። ሰው ግን በዓሉ አለፈ ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ መዝገብ አይጠይቅም። ይህ ጥፋቴ ነው፤ በየትኛውም ችሎት ብጠየቅ አልክደውም።

4. መስከረም 21 ቀን አካለ ወልድ ረጨ። መስከረም 22 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሴቶቹ መጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «እስከ 25 አትግቡ» አልኋቸው። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ወለተ ሰንበት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ልጄ፣ በማርያም ለት የተረጨ እኛን ምን ያደርገናል? እሷው ትጠብቀን የለ» አሉኝ። እኔ ስለ መርዙ ባሕርይ ማስረዳት ስጀምር አቶ ጸጋው ከኋላዬ ደረሱ። «ማርያምን አክብረው ውለዋል፤ ሦስት ቀን ደግሞ ማንን ሊያከብሩ ነው? ያንቺን መዝገብ?» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እህቴም ሳቀች። ስታልፈኝ «አይዞሽ አንቺ፣ ቅጠል ነው፤ እባብ አይደል» አለችኝ። እየሳቀች ነው የገባችው።

ያን ዕለት ጤዛው ከባድ ነበር። ቅጠሉ ሁሉ ርሶ ነበር።

አራት ሰዓት ሳይሞላ እህቴን ጨምሮ ሰባት ሴቶች ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። አምስት ሰዓት ላይ እህቴ ወደቀች። ላቧ ልብሷን አርሶት፣ ምራቋ እንደ ሕፃን ይዝረበረብ ነበር። የዐይኗ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእርሻው መኪና ፍሬ ሊጭን ነው ተብሎ ስለተከለከልን በቃሬዛ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት። እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ትናንት ማርያም ነበረች፤ ምን ስትበሉ፣ ምን ስትጠጡ ዋላችሁ?» የሚል ነበር። ስለ ርጭቱ ብናገርም ሰሚ አላገኘሁም፤ በካርዷ ላይ «ከበዓል ምግብ የመጣ የጨጓራ ሕመም» ተብሎ ተጻፈ። ክቡር ኃላፊ፣ መስከረም 21 ረቡዕ ነበር። ጾም ነው። እህቴ በዚያ በዓል የበላችው ሽሮ ነው፤ እኔም ከዚያው ሽሮ በልቻለሁ።

5. በዚያው ቀን እህቴ ያረገፈችውን ቅጠል አንዲት ጎረቤታችን ይጠቅማል ብላ በሽርጡ እንዳለ ቤት አድርሳልን ነበር። እኛ ጤና ጣቢያ ሳለን በጋችን በላችው። በማግሥቱ ጠዋት ሞታ አገኘናት። የእንስሳት ክሊኒክ ባለሙያው መጥቶ አያት፤ ቅጠሉንም አሸተተ፤ ከዚያም «በጸረ ተባይ ኬሚካል መመረዝ የተጠረጠረ» ብሎ ፈርሞና ማኅተም መትቶ ሰጠን። ወረቀቱን አያይዣለሁ። እንግዲህ ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ሽርጥ፣ ከአንድ ቅጠል ሁለት ተጎጂዎች ወጥተዋል። የበጓ ጉዳት ማስረጃ አለው። የእህቴ ጉዳት ማስረጃ የለውም። ወረዳው «የሕክምና ማስረጃ አልቀረበም» ሲለኝ እህቴ በግ ሆና ብትወለድ ይሻላት ነበር ወይ ብዬ መጠየቄን አልደብቅም። በቢሮው ውስጥ ድምፅሽን ከፍ አደረግሽ ተብያለሁ። አድርጌያለሁ።

6. አቶ ጸጋው በመዝገቡ ላይ 25 ያልሁትን 22 ብዬ እንዳርመው አዘዙኝ። «ቁጥር ናት፤ ቁጥር ደግሞ ይታረማል» አሉ። እምቢ አልሁ። ጥቅምት 4 ቀን «ለትእዛዝ ባለመገዛት» የሚል የስንብት ደብዳቤ ተሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በማን እጅ እንደታረመ አላውቅም፤ ለወረዳው የቀረበው መዝገብ ግን 22 ይላል። ከመባረሬ በፊት ገጹን በስልኬ ፎቶ አንሥቼዋለሁ። እሱንም አያይዣለሁ።

7. የመጀመሪያውን ማመልከቻ ለወረዳው ያስገባነው ጥቅምት 13 ቀን ነው። ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ አቶ አምሳሉ ሳይመዘግበው መለሰልን። ምክንያቱ የእህቴ ፊርማ በእርሻው የሰዓት ፊርማ ወረቀት ላይ ካለው ጋር አለመመሳሰሉ ነው። «ይቺ የሷ ፊርማ አይደለችም፤ ራሷ መጥታ ትፈርም» አለ። ራሷ መጣች። ፊቱ ፈረመች። አሁንም አልመሰለም። «እትዬ፣ ተረጋግተሽ ፈርሚ እንጂ» አላት። ተረጋግታለች፤ ያልተረጋጋው እጇ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ከኋላ የተሰለፉ ሰዎች ማጉረምረም ስለጀመሩ ተቀበለን። እኔ ግን ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ። አንደኛው መስከረም 22 ጠዋት ወደ ማሳው ከመግባቷ በፊት የፈረመችው ነው፤ ቀጥ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ጅራት ያላት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ፊርማ ናት። ሁለተኛው ዶሮ የጫረው ይመስላል። በሁለቱ መካከል ሃያ አንድ ቀናትና አንድ የተረጨ ማሳ አሉ። ባለሙያው ጉድለት አድርጎ ያየው ነገር እኛ ያለን ዋና ማስረጃ ነው።

8. ጥቅምት 25 ቀን የተሰጠው ውሳኔ በሦስት ምክንያቶች ላይ ቆሟል።

አንደኛው፣ «ርጭቱ ሠራተኛ በሌለበት የበዓል ቀን መከናወኑ እርሻው ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ያሳያል» ይላል። የበዓሉን ርጭት ያሰብሁት እኔ ነኝ። መርሐ ግብሩ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የእኔ ነው። እህቴን ለመጠበቅ የጻፍሁት ወረቀት እሷን ለመርታት ዋለ። ጥንቃቄ የሚባለው የሚረጭበትን ቀን መምረጥ ብቻ ከሆነ፣ መርዙም በዓል አክብሮ በማግሥቱ ይለቅቃል ማለት ነው። የወረዳው ባለሙያዎች የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ እማማ ወለተ ሰንበት ግን አልተማሩም። በዚህ ነገር ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል መናገራቸው ያሳፍራል፤ የሚያሳፍረውም እማማን አይደለም።

ሁለተኛው የጤና ጣቢያው ካርድ ነው። ስለ እሱ ከላይ ተናግሬያለሁ። የምጨምረው ይህን ብቻ ነው፦ ለደም ምርመራ ወደ ሆስፒታል እንዲልኩን ስንጠይቅ ጤና ጣቢያው ከወረዳው ደብዳቤ አምጡ አለን። ወረዳው ደግሞ ደብዳቤ ለመጻፍ የሆስፒታል ማስረጃ አምጡ አለን። በዚህ መሐል አርባ ሰባት ቀን አልፏል። ይህ መርዝ በደም ላይ የሚተወው ምልክት በየሳምንቱ ይደበዝዛል። እኛን ማመላለስ ይቻላል፤ ደሙ ግን አይጠብቅም።

ሦስተኛው፣ «መንገዱ ስላላመቸ የመስክ ምልከታ አልተደረገም» ይላል። በዚያው መንገድ የእርሻው መኪና በሳምንት ሦስት ቀን አፕል ጭኖ ደብረ ማርቆስ ይገባል። ለአፕል የተመቸ መንገድ ለባለሙያ ካልተመቸ፣ ባለሙያው ከአፕሉ ጋር ተሳፍሮ መምጣት ይችል ነበር።

9. አሁን የቸኮልሁበት ምክንያት። ጥቅምት 21 ቀንም ተረጭቷል፤ በማግሥቱ ሴቶቹ ገብተው ሦስቱን ሲያስመልሳቸው ውሏል። ቀጣዩ ርጭት ኅዳር 21፣ በጽዮን ማርያም ዕለት እንደሆነ በእርሻው በር ላይ ተለጥፏል። የቅጠል ማርገፉ ሥራ የሚበረታበት ወቅትም አሁን ነው። እንግዲህ ከዚህ ማመልከቻ እስከዚያ ማግሥት ዐሥራ ሦስት ቀን ይቀራል። ለእህቴ የሚሰጠው ፍትሕ ቢዘገይ እሷ ትጠብቃለች፤ መጠበቅ ለምዳለች። ኅዳር 22 ጠዋት ግን ለማንም አይጠብቅም።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ፦

ሀ) የወረዳው ውሳኔ ተሽሮ የእህቴና የስድስቱ ሴቶች ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ እንዲመዘገብ፤

ለ) ሰባቱም በዚህ ሳምንት ውስጥ ለደም ምርመራ ወደ ሆስፒታል የሚላኩበት ደብዳቤ እንዲጻፍ፤

ሐ) ርጭት በተደረገ ቁጥር መመሪያው ያዘዘው ቀን እስኪያልፍ ማንም ወደ ማሳው እንዳይገባ፣ በእነዚያ ቀናትም ሴቶቹ ከማሳው ውጭ ሌላ ሥራ እንዲሰጣቸው፣ ይህም ከኅዳር 22 በፊት በእግድ እንዲታዘዝ፤

መ) ዋናው የርጭት መዝገብ ዳግመኛ ሳይታረም በጽሕፈት ቤቱ እጅ እንዲገባ፤

ሠ) ተቆጣጣሪ ኅዳር 22 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት፣ ለእርሻው አስቀድሞ ሳይነገር እንዲላክልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከመጣ ጤዛው ደርቆ፣ ሁሉም ነገር ንጹሕ መስሎ ያገኘዋል።

ወደ ሥራዬ እንድመለስ አልጠይቅም። ቢመልሱኝም ያንን መዝገብ የምይዘው ሴቶቹ ሊያነቡት በሚችሉበት በበሩ ላይ ሰቅዬ ነው፤ አቶ ጸጋውም ይህን አይፈቅዱም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳውቅዎ፤ ኋላ አድማ ተብሎ በሌላ ሰው አፍ እንዳይደርስዎ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠላሳ ሦስት ሴቶች ተሰብስበው ተነጋግረዋል። ያን ጠዋት በሩ ላይ ሲስቁብኝ የነበሩት ናቸው፤ አሁን አይስቁም። ኅዳር 22 ጠዋት እንደ ወትሮው ወደ እርሻው ይሄዳሉ፤ የሰዓት ፊርማቸውን ይፈርማሉ፤ ወደ ማሳው ግን አይገቡም። እስከ 25 ድረስ በየቀኑ እንደዚያ ያደርጋሉ። ቃሉን የቋጩት እማማ ወለተ ሰንበት ናቸው፦ «እኔ ማርያምን አላማሁም። አንዱን ቀን እሷ ሰጠችን፤ ሦስቱን እኛ እንጨምር።» እኔም ከእነሱ ጋር እቀመጣለሁ። ተቆጣጣሪው ከመጣ ከደጅ ያገኘናል። ካልመጣም ከዚያው ነን።

አባሪ፦ የወረዳው ውሳኔ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ወረቀት፣ የመዝገቡ ገጽ ፎቶ፣ የመስከረም 22 የሰዓት ፊርማ ፎቶ፣ የሠላሳ ሦስት ሴቶች ስም ዝርዝር።

በእርሻው በር ላይ ሆኜ መልስዎን ከምጠብቅበት አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

ወንጌላዊት ምናለ
(ፊርማ)

ሙላቷ ምናለ
(የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)

ማስታወሻ፦ እህቴ መጻፍ ትችላለች። በፊርማ ፈንታ አሻራ ያደረገችው ዳግመኛ «አይመሳሰልም» ተብሎ እንዳይመለስብን ነው። ቀለሙ እንዳይበላሽ ጣቷ ወረቀቱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ እጇን በእጄ የያዝሁላት እኔ ነኝ።